ባለ ሸራዋ ጀልባ፦ ተከራይዋ ብዙ፣ ጠጋኟ ጥቂት

እ.ኤ.አ. በማርች 2022 የጣሊያን የፋይናንስ ፖሊስ በትሪየስቴ ወደብ ቆማ የነበረችን አንዲት ግዙፍ ባለ ሸራ ጀልባ በቁጥጥር ሥር አዋለ። «ሴይሊንግ ያት ኤ» ትባላለች። 143 ሜትር ርዝመትና ሦስት ምሰሶዎች ያሏት፣ ጀርመን አገር የተሠራች ስትሆን ግምቷ 530 ሚሊዮን ዩሮ እንደሚደርስ በወቅቱ ተነግሯል። ምክንያቱ ሩሲያ ዩክሬንን መውረሯን ተከትሎ የአውሮፓ ኅብረት የጣለው ማዕቀብ ሲሆን፣ ስማቸው ከጀልባዋ ጋር የተያያዘው ቱጃር አንድሬ ሜልኒቼንኮ በማዕቀቡ ዝርዝር ውስጥ ገብተው ነበር።

የሮም ሹማምንት ያን ዕለት ያሸነፉ መስሏቸው ይሆናል። ነገር ግን ማዕቀቡ ንብረትን ያግዳል እንጂ አይወርስም። የታገደ ንብረት ደግሞ ዋጋውን ሳያጣ መቆየት አለበት። ስለዚህ የጣሊያን ግብር ከፋይ የማያሽከረክራትን፣ የማያከራያትን፣ ሊሸጣትም የማይችለውን ጀልባ መቀለብ ጀመረ።

በፊጂ ደሴቶች ተይዛ ወደ ሳን ዲየጎ የተወሰደችው «አማዲያ» ሸራ የሌላት የሞተር መርከብ ብትሆንም ታሪኳ ያው ነው። የአሜሪካ መንግሥት በ2024 መጀመሪያ ለፍርድ ቤት ባቀረበው ሰነድ ለእሷ ማቆያ በወር 600 ሺህ ዶላር ገደማ፣ ለመድኗ ደግሞ ተጨማሪ 144 ሺህ ዶላር ያህል እንደሚያወጣ ገልጿል። በሴፕቴምበር 2025 ለጨረታ እስክትቀርብ ድረስ ይህ ወጪ አልቆመም። በአንቲጓ ባለቤት አልባ ሆና የቀረችው «አልፋ ኔሮ» ደግሞ በ2023 በ67.6 ሚሊዮን ዶላር ተጫርታ ገዢው ወደ ኋላ በማለቱ፣ በ2024 በ40 ሚሊዮን ዶላር ተሸጣለች።

ለመሆኑ ገመዷ ታስሮ የቆመች ጀልባ ይህን ያህል ገንዘብ የምትበላው በምን አንጀቷ ነው?

ይህን ጥያቄ ከቱጃሮቹ መርከቦች ይልቅ በትንንሾቹ መመለስ ይቀላል። እኔ ግሪክ በኖርኩባቸው ዓመታት ከአቴንስ አጠገብ በሚገኘው በአሊሞስ ማሪና፣ ባለ ሸራ ጀልባዎችን በሳምንት በሚያከራይ አንድ አነስተኛ ድርጅት የሒሳብ ክፍል ውስጥ ሠርቻለሁ። አሊሞስ በግሪክ የዚህ ሥራ ዋና ማዕከል ነው። በበጋ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሻንጣ የሚጎትት ጀርመናዊ፣ ፖላንዳዊ፣ እስራኤላዊና አሜሪካዊ ይሞላዋል። ባሕር አላውቅም፣ ሲያናውጠኝም ያጥወለውለኛል። የማውቀው ደረሰኙን ነው። ነገሩን በትክክል የሚናገረውም ደረሰኙ ነው ብዬ አምናለሁ።

ጨው፣ ፀሐይና ቅዳሜ

አንዲት 12 ወይም 13 ሜትር ርዝመት ያላት፣ ከፋይበር የተሠራች፣ ሦስት ወይም አራት መኝታ ክፍል ያላት ባለ ሸራ ጀልባ እንውሰድ። የኪራይ ገበያው አብዛኛው ክፍል ይህችው ናት። ሰው ስለ እሷ ሲያስብ ነጭ ሸራና ሰማያዊ ባሕር ይታየዋል። ለሒሳብ ሠራተኛ ግን ጀልባ ማለት ጨው ውኃ ውስጥ የተነከረ ቤት፣ መኪና፣ ጄኔሬተርና የቧንቧ መሥመር በአንድ ላይ ማለት ነው።

በዓመት አንድ ጊዜ በክሬን ከውኃ ትወጣለች። ሆዷ ላይ የተለጠፈው አረንጓዴ ቅጠልና ቀንድ አውጣ መሳይ ፍጡር ተፍቆ፣ እነዚህን የሚከላከል ልዩ ቀለም ይቀባል። ቀለሙ ርካሽ አይደለም። ይህ ካልተደረገ ጀልባዋ ትከብዳለች፣ ነዳጅ ትፈጃለች፣ በሸራም አትሄድም። ከውኃ በወጣች ጊዜ የዚንክ ቁርጥራጮቿም ይለወጣሉ። የእነዚህ ነገር ሁልጊዜ ይደንቀኝ ነበር። ጨው ውኃ ውስጥ የተለያዩ ብረቶች ሲገናኙ ደካማው ይበላል። ስለዚህ ፕሮፔለሩ እንዳይበላ ሆን ተብሎ የሚበላ ዚንክ አጠገቡ ይታሰራል። ዚንኩ ሥራውን መሥራቱ የሚታወቀው አልቆ ሲገኝ ነው። ዋጋው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ሳይለወጥ ከቀረ ግን ቀጥሎ የሚበላው ፕሮፔለሩ ነው።

ከሆዷ በታች ውኃ የሚገባባቸውና የሚወጣባቸው ቀዳዳዎች አሉ። ለሞተር ማቀዝቀዣ፣ ለመጸዳጃ ቤት፣ ለዕቃ ማጠቢያ የሚሆኑ። በእያንዳንዳቸው ላይ ቧንቧ መዝጊያ አለ። መዝጊያው ከርካሽ ናስ የተሠራ ከሆነ በዓመታት ውስጥ በውስጡ ያለው ዚንክ እየተሟጠጠ ይሄድና ላዩ ደኅና መስሎ ውስጡ እንደ ብስኩት ይሆናል። አንድ ቀን በእጅ ሲነካ ይሰበራል። ከዚያ በኋላ ባሕሩ ቤት ውስጥ ነው።

ምሰሶውን ወጥረው የሚይዙት የማይዝጉ የሚባሉ የብረት ገመዶች ናቸው። የማይዝግ ብረት ይብለጨለጫል እንጂ አይደክምም ማለት አይደለም። የሚሰነጠቀው ዓይን በማያየው፣ በገመዱ ጫፍ መያዣ ውስጥ ነው። ስለዚህ ብዙ የመድን ኩባንያዎች ገመዱ ቢያብለጨልጭም ባያብለጨልጭም ከ10 እስከ 15 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ሙሉ በሙሉ እንዲለወጥ ይጠይቃሉ። ባለቤቱ «ምን ሆነና?» ይላል። እውነትም ምንም የሆነ አይመስልም።

ሸራውን የሚገድለው ነፋስ ብቻ ሳይሆን ፀሐይም ነው። ሞተሩ በየ250 ሰዓቱ ወይም በየዓመቱ ዘይት ይፈልጋል። የውኃ ፓምፑ ውስጥ ያለችው ትንሽ ጎማ ካልተለወጠች ሞተሩ ይግላል። የሕይወት አድን ጎማ ጀልባው ጊዜው ሲደርስ ተከፍቶ ተመርምሮ የምስክር ወረቀት ማግኘት አለበት። የመልህቅ መሳቢያው ሞተር፣ ባትሪው፣ ፍሪጁ፣ መጸዳጃ ቤቱ… መጸዳጃ ቤቱ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል።

በባሕር ሰዎች ዘንድ የተለመደ ግምት አለ፤ ጀልባ በየዓመቱ ከዋጋዋ አሥር በመቶ ያህል ትበላለች ይባላል። አዲስ ስትሆን ያንሳል፣ ስታረጅ ይበልጣል። መጥፎው ነገር ዋጋዋ እየወረደ ሲሄድ ቀለቧ አብሮ አለመውረዱ ነው።

እዚህ ላይ ነው ኪራይ መፍትሔ ሆኖ ብቅ የሚለው። «አንተ በዓመት ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ትጠቀምባታለህ፤ ቀሪውን ጊዜ እናከራይልህና ጀልባዋ ራሷን በራሷ ትክፈል» ይላል ሻጩ።

የአዲስ አበባ አንባቢ ይህን ነገር በሌላ መልክ ያውቀዋል። ደመወዝተኛው አጠራቅሞ ወይም ተበድሮ ሚኒባስ ይገዛል። ለሹፌር ያስረክባል። የቀን ገቢ ይቀበላል። ለሁለት ዓመት ነገሩ ያስደስታል። ከዚያ ካምቢዮ፣ ከዚያ ሞተር፣ ከዚያ ጎማ። ሹፌሩ የሚከፈለው በቀኑ ገቢ እንጂ በካምቢዮው ዕድሜ አይደለምና የእሱ ሐሳብና የባለቤቱ ሐሳብ ዓርብና ረቡዕ ናቸው። የጀልባ ኪራይም ከዚህ አይለይም። ልዩነቱ ሹፌሩ በየሳምንቱ መቀያየሩ፣ አንዳንዱም መንዳት አለመቻሉ ነው።

በግሪክ ልማድ ጀልባ የሚከራየው ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ነው። ተከራዮቹ ዓርብ ማታ ይመለሱና እዚያው ያድራሉ። ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ይወርዳሉ። አዲሶቹ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይገባሉ። በመካከል ያለው ስምንት ሰዓት ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ አንሶላ ይቀየራል፣ ወለል ይታጠባል፣ ውኃና ጋዝ ይሞላል፣ ጠላቂ ወርዶ ሆዷ መሬት ነክቶ እንደሆነ ያያል፣ የተበላሸ ይጠገናል። እኔ በነበርኩበት ድርጅት አንድ መካኒክ በአንድ ቅዳሜ ስድስትና ሰባት ጀልባ ይደርሰው ነበር።

አሁን አንባቢ ራሱን በዚያ መካኒክ ቦታ ያስቀምጥ። አዲሶቹ እንግዶች ሻንጣቸውን ይዘው ፀሐይ ላይ ቆመዋል። መጸዳጃ ቤቱ ተደፍኗል፤ እንግዳው ወዲያው ያየዋል፣ ይጮኻል፣ ገንዘብ ይመለስልኝ ይላል። የምሰሶው ገመድ ጫፍ ላይ ደግሞ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ያለች ትመስላለች፤ ይህን እንግዳው አያየውም። የትኛው ቀድሞ ይሠራል? መልሱ ግልጽ ነው። ክፋት አይደለም። የሥራው አሠራር ራሱ የሚታየውን ብልሽት አስቀድሞ የማይታየውን ለክረምት ያስተላልፋል። ክረምት ሲመጣ ደግሞ ገቢ የለም፤ ገቢ በሌለበት ወር የሚወጣ ወጪ ደግሞ የሁሉንም ፊት ያጠቁራል። በእኔ ዴስክ ላይ «ለኖቬምበር» የሚል ማስታወሻ የተለጠፈበት ክምር ነበር። ኖቬምበር ሲደርስ ክምሩ ወደ ማርች ይዞራል።

ስለ ተከራዮቹም አንድ ነገር ልበል። የግሪክ ሕግ ያለ ካፒቴን ጀልባ የሚከራይ ቡድን ቢያንስ አንድ ፈቃድ ያለው አሽከርካሪና ሌላ ልምድ ያለው ረዳት እንዲኖረው ይጠይቃል። ወረቀቱ ይቀርባል። ነገር ግን ፈቃዱን ከአሥር ዓመት በፊት ሐይቅ ላይ ያወጣ፣ ከዚያ ወዲህ ገመድ ያልነካ ሰው አለ። ረዳቱ ደግሞ ልምዱን የሚያረጋግጠው ራሱ በፈረመው ወረቀት ነው። ብዙ ጊዜ ሚስቱ ወይም አማቹ ነው። ድርጅቱ ይህን ያውቃል፣ ስለዚህም ጥቂት ሺህ ዩሮ መያዣ ያስይዛል። መያዣው ለተጫረ ቀለምና ለጠፋ መልህቅ ይበቃል።

ድንጋይ የነካች ጀልባ

መሬት መንካት በኪራይ ጀልባዎች ላይ የዕለት ተዕለት ነገር ነው። ተከራዩ መያዣውን ማጣት ስለማይፈልግ ብዙውን ጊዜ አይናገርም። ጠላቂው ካየው ይጠገናል፣ ካላየው ይታለፋል። ይህ ምን ሊያመጣ እንደሚችል ለማወቅ «ቺኪ ራፊኪ» የተባለችውን የእንግሊዝ ጀልባ ታሪክ ማንበብ ይበቃል።

12 ሜትር ገደማ የምትሆን፣ በሥልጠናና በኪራይ ሥራ ላይ የተሰማራ ድርጅት የሚያስተዳድራት ጀልባ ነበረች። እ.ኤ.አ. በሜይ 2014 በአንቲጓ ከተካሄደ ውድድር በኋላ አራት ሰዎች አሳፍራ ወደ እንግሊዝ ስትመለስ፣ ከካናዳዋ ኖቫ ስኮሺያ ከ700 የባሕር ማይል በላይ ርቃ ሳለ ውኃ ማስገባት ጀመረች። ከዚያ ድምጿ ጠፋ። በኋላ ተገልብጣ ተገኘች። ከሆዷ በታች ተንጠልጥሎ ሚዛኗን የሚጠብቀው፣ ባሕረኞች ኪል የሚሉት ከባድ ብረት ተገንጥሎ ወድቋል። የሕይወት አድን ጎማ ጀልባው ከተቀመጠበት አልወጣም። አራቱም ሰዎች አልተገኙም።

የእንግሊዝ የባሕር አደጋ መርማሪዎች በ2015 ባወጡት ሪፖርት፣ ጀልባዋ ቀደም ሲል በተደጋጋሚ መሬት መንካቷና ከዚያ በኋላ የተደረጉላት ጥገናዎች አንድ ላይ ተደምረው ኪሉ የተያያዘበትን መዋቅር አዳክመውት ሊሆን እንደሚችል ገለጹ። በዚህ ዓይነት አሠራር የውስጥ ማጠናከሪያው ከቀፎው ጋር የሚያያዘው በማጣበቂያ ነው። ማጣበቂያው መልቀቁን በዓይን ማየት አስቸጋሪ ነው። የድርጅቱ ኃላፊ ጀልባዋ በደኅና ሁኔታ እንድትሠራ ባለማድረግ ጥፋተኛ ተብለው የታገደ እስራት ሲፈረድባቸው፣ ከሰው መግደል ክስ ግን በ2018 ነፃ ተብለዋል።

በክርክሩ ውስጥ ከተነሱት ጥያቄዎች አንዱ ያን ጉዞ የንግድ ነው ወይስ የመዝናኛ የሚለው ነበር። ለአንባቢ ይህ የጠበቆች ጨዋታ ሊመስለው ይችላል። አይደለም። ጀልባ በንግድ ሥራ ላይ ስትሆን መመርመር፣ የምስክር ወረቀት መያዝና ገደብ መጠበቅ አለባት። በመዝናኛ ላይ ስትሆን በብዙ አገር ግዴታው እጅግ ይቀንሳል። ያቺው ጀልባ፣ በዚያው ባሕር ላይ፣ እንደ ጉዞው ስያሜ ሁለት ሕግ አላት። ኪሉ ግን ስያሜ አያውቅም።

ትልልቆቹስ?

ብዙ ገንዘብ የሚከፍለው እንግዳ የተሻለ ይጠበቃል ብለን እንገምታለን። ከካፒቴን፣ ከምግብ አብሳይና ከአስተናጋጅ ጋር የሚከራዩት ትልልቆቹ ጀልባዎች አሠራራቸው ሌላ ነው። ተከራዩ የሳምንቱን ኪራይ ይከፍልና ለነዳጅ፣ ለምግብ፣ ለወደብ የሚሆን ከኪራዩ ከ25 እስከ 35 በመቶ የሚሆን ተጨማሪ ገንዘብ አስቀድሞ ያስይዛል። ጀልባዋ 50 ሜትር ትሁን 80 ሜትር፣ ብዙውን ጊዜ ከ12 እንግዳ በላይ አታሳፍርም። ምክንያቱ የቦታ ጉዳይ አይደለም። በዓለም አቀፉ የባሕር ላይ ደኅንነት ስምምነት መሠረት ከ12 በላይ መንገደኛ የጫነ መርከብ የመንገደኛ መርከብ ይባላልና እጅግ የጠነከረው ሕግ ይመለከተዋል። 12 ቁጥር የሕጉ አጥር ነው፤ ገበያው በሙሉ ከአጥሩ በዚህ በኩል ተሰልፏል።

«ቤይዥያን» ከዚህ ወገን ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2008 ጣሊያን ውስጥ የተሠራች፣ 56 ሜትር ርዝመትና ወደ 72 ሜትር የሚጠጋ አንድ ምሰሶ የነበራት ባለ ሸራ ጀልባ ናት። በኪራይ ገበያ ላይ በሳምንት እስከ 195 ሺህ ዩሮ ትጠየቅ ነበር። (ወደ ብር መለወጡን ለአንባቢ እተወዋለሁ፤ ይህ ጽሑፍ እስኪነበብ ምንዛሪው ይቀየራል።) ኦገስት 19 ቀን 2024 ከንጋት በፊት በሲሲሊ ፖርቲቼሎ አጠገብ መልህቅ ጥላ ሳለ ድንገተኛ ማዕበል መጣ። በውስጧ ከነበሩት 12 እንግዶችና 10 ሠራተኞች ሰባቱ ሞቱ፤ ከእነርሱም አንዱ እንግሊዛዊው የቴክኖሎጂ ባለሀብት ማይክ ሊንች፣ ሌላዋ የ18 ዓመት ልጃቸው ነበሩ።

አደጋው እንደደረሰ ጣት ወደ ሠራተኞቹ ተቀሰረ። በር ተከፍቶ ቀርቷል፣ አልተጠነቀቁም ተባለ። የጣሊያን ዓቃቤ ሕግም ካፒቴኑንና ሁለት ሠራተኞችን መመርመር ጀመረ። የእንግሊዝ መርማሪዎች በሜይ 2025 ያወጡት ጊዜያዊ ሪፖርት ግን ሌላ ነገር አመጣ። ጀልባዋ ሸራዋ ወርዶ፣ ከሆዷ የሚወርደው ሚዛን መጠበቂያ ሰሌዳ ተነስቶ፣ በሞተር ለመሄድ በተዘጋጀችበት ሁኔታ ላይ ሳለች ከ63.4 ኖት፣ ማለትም በሰዓት ከ117 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ነፋስ በጎኗ ቢመታት ልትገለበጥ ትችል ነበር። የዚያን ሌሊቱ ነፋስ ከ70 ኖት በላይ ነበር። በጎኗ ለመተኛት 15 ሰከንድ አልፈጀባትም።

እኔን የገረመኝ ቀጣዩ ዐረፍተ ነገር ነው። ይህ ድክመት ጀልባዋ ይዛው በምትዞረው የሚዛን መረጃ መጽሐፍ ላይ አልተጻፈም ነበር። ስለዚህ ባለቤቷም ሠራተኞቿም የሚያውቁበት መንገድ አልነበረም። ሰሌዳውን ማውረድም በዚያ ሁኔታ ግዴታ አልነበረም። ወረቀቱ ሙሉ ነው፣ ማኅተሙ አለ፣ የሳምንቱ ኪራይ ተከፍሏል። አጠገቧ መልህቅ ጥላ የነበረችው «ሰር ሮበርት ባደን ፓወል» የተባለች፣ እሷም በኪራይ የምትሠራ አሮጌ ባለ ሸራ መርከብ ሞተሯን አስነስታ ቦታዋን ጠብቃ ተረፈች። የሕይወት አድን ጎማ ላይ የነበሩትን 15 ሰዎች ያነሳችውም እሷው ናት።

ኃላፊነቱ የማን ነው የሚለው ጥያቄ በኪራይ ዓለም ውስጥ መልስ የሚያጣው በዚህ ምክንያት ነው። ባለቤቱ ድርጅት ነው፣ ብዙ ጊዜም በደሴት ላይ የተመዘገበ። አስተዳዳሪው ሌላ ድርጅት ነው። ደላላው ሦስተኛ። ባንዲራው የአንድ አገር፣ ውኃው የሌላ። እንግዳው የሚያውቀው ካፒቴኑን ብቻ ነው፤ ፖሊስም የሚያገኘው እሱኑ ነው። በጁን 2024 በግሪኳ ሃይድራ ደሴት ላይ ከአንዲት የተከራየች መርከብ ተተኩሷል በተባለ ርችት ብርቅዬው የጥድ ደን ሲቃጠል፣ 13 ሠራተኞች ታሰሩ፤ ተከራዮቹ እንግዶች ግን በወቅቱ እንደተዘገበው አገሩን ለቀው ወጥተዋል።

ለእኛ ባሕር ቅርብ የሆነውንም ሳልጠቅስ አላልፍም። ትልልቆቹ የኪራይ ጀልባዎች በጋውን በሜዲትራኒያን ሠርተው፣ ክረምቱን ወደ ሞቃት ባሕር ይሄዳሉ። በመካከል ያለው ጉዞ ገቢ የለውም፤ ነዳጅ፣ ደመወዝና መድን ብቻ ነው። «ለ ፖናን» የተባለችው ባለ ሦስት ምሰሶ የፈረንሳይ መርከብ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2008 በኤደን ባሕረ ሰላጤ በሶማሊያ ወንበዴዎች የተያዘችው እንዲህ ባለው ጉዞ ላይ ነው፤ ከሲሼልስ ወደ ሜዲትራኒያን እየተመለሰች፣ 30 ሠራተኞች ይዛ፣ አንድም መንገደኛ ሳይኖራት። ከኖቬምበር 2023 ጀምሮ ደግሞ የየመን ሁቲዎች በቀይ ባሕር ላይ የፈጸሙት ጥቃት የዚያን መንገድ መድን አስወደደው። ይህ ወጪ ሲመጣ የሚቀነሰው ከየት እንደሆነ የሒሳብ ሰው ሁሉ ያውቃል። የወደብ ኪራይ አይቀነስም፣ የባንክ ብድር አይቀነስም፣ ደመወዝ ቢዘገይ ሠራተኛ ይሄዳል። ዝም የሚለው ጥገና ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ እንድጽፍ ያነሳሳኝ ግን የቱጃሮቹ ነገር አይደለም። አውሮፓ የሚኖሩ ሁለት ወዳጆቼ በተለያየ ጊዜ አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቁኝ። «ጀልባ ግዛ፣ እኛ እናከራይልህ፣ በየዓመቱ ከዋጋዋ ከ6 እስከ 9 በመቶ የተረጋገጠ ገቢ እንሰጥሃለን» የሚል ማስታወቂያ ደርሷቸዋል። ሁለቱም ዕድሜ ልካቸውን የቆጠቡት ገንዘብ አላቸው። ሁለቱም እንደ እኔው ዋና አይችሉም።

«የተረጋገጠ» የሚለው ቃል የሚያረጋግጠው ድርጅቱ እስካለ ድረስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ኮሮና ወደቦችን ሲዘጋ አንዳንድ አከራይ ድርጅቶች ለባለቤቶች የሚከፍሉትን ይህን ገንዘብ አቁመው ወይም አዘግይተው ነበር። ድርጅቱ ቢከስር በባለቤቱ እጅ የሚቀረው ያገለገለች ጀልባ፣ ያልተከፈለ የማሪና ኪራይና ማን እንደጻፈው የማይታወቅ የጥገና መዝገብ ነው።

ያለ ዋስትና፣ ገቢው በተገኘው መጠን በሚከፈልበት አሠራር ደግሞ ሒሳቡ ይህን ይመስላል። ለምሳሌ ያህል ነው፤ በሥራዬ ካየሁት ግን ብዙ አይርቅም። ጀልባዋ በ300 ሺህ ዩሮ ተገዛች እንበል። በጥሩ ዓመት 16 ሳምንት ትከራያለች፤ ታክስ ወጥቶ በአማካይ 3,500 ዩሮ በሳምንት ብታስገባ 56 ሺህ ይሆናል። ደላላውና አስተዳዳሪው ድርጅት በአንድ ላይ 40 በመቶ ቢወስዱ 33,600 ይቀራል። ማሪናና ከውኃ ማውጫ 6 ሺህ፣ መድን 3,600፣ መደበኛ ጥገና 12 ሺህ። የቀረው 12 ሺህ ዩሮ ነው። አራት በመቶ። አዲስ ሸራና አዲስ የምሰሶ ገመድ እዚህ ውስጥ የለም፤ እነሱን የሚቀጥለው ባለቤት ይክፈላቸው ብለናል።

ከአምስት ዓመት በኋላ በኪራይ የደከመች ጀልባ 165 ሺህ ብትሸጥ ጥሩ ነው። ከዋጋዋ የጠፋው 135 ሺህ፣ በአምስት ዓመት የገባው 60 ሺህ። የጎደለው 75 ሺህ ዩሮ ነው። ወዳጄ በየዓመቱ ሦስት ሳምንት ተጠቅሞባታል ብንል በአምስት ዓመት 15 ሳምንት ይሆናል፤ በገዛ ጀልባው ላይ ለዋለበት ለእያንዳንዱ ሳምንት 5 ሺህ ዩሮ ከፍሏል ማለት ነው። ያቺኑ ጀልባ የተከራየው ፖላንዳዊ ግን 3,500 ዩሮና ታክሱን ከፍሎ፣ ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ቁልፉን አስረክቦ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ይሄዳል። ድንጋይ መንካት አለመንካቱንም እሱ ካልተናገረ የሚያውቅ የለም።